መጥረቢያ ስትገዙ መጀመሪያ ቀዳዳውን እዩ

ዘንድሮ ፋሲካ ላይ እንደ ሁልጊዜው ከግቢያችን ሰዎች ጋር አስር ሆነን በሬ ገዝተን ቅርጫ ገባን፣ ቆዳ የሚገፍ አለ፣ መደብ የሚመድብ አለ፣ አጥንት የሚሰብረው ደግሞ እኔ ነበርኩ ምክንያቱም መጥረቢያው የኔ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት የገዛሁት፣ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ስለቱ መስታወት የሚመስል፣ ፎቶ ላይ ሁላ የሚያምር መጥረቢያ። ማታውን እንደ ደንቡ ባልዲ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌው አድሬያለሁ፣ ዛቢያው እንዲያብጥ። አንዴ መታሁ፣ ሁለቴ መታሁ፣ ለሶስተኛው ወደ ላይ ሳነሳው እጄ ድንገት ቀለለኝ። ቀና ስል የያዝኩት ዱላ ነው። ብረቱ የለም። ወዲያው ከኋላዬ የቆርቆሮው አጥር ጓ! አለ።

አጥሩ ስር የጎረቤታችን ልጅ ቁጭ ብሎ የበሬውን ጭራ ይዞ ይጫወት ነበር። ያተረፈው አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት ነው። ለተወሰነ ጊዜ ማንም ምንም አላለም፣ እማማ ብቻ (የግቢያችን ትልቅ ሰው ናቸው) ማርያምን ጠርተው ጠርተው ሲጨርሱ ወደኔ ዞር ብለው «ልጄ፣ አንተ ኮምፒውተርህን ብትይዝ አይሻልህም?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን እልህ ያዘኝ።

ከዛን ቀን ጀምሮ ስለ መጥረቢያ ያላየሁት የዩቲዩብ ቪዲዮ የለም፣ ምናለሽ ተራም ብዙ ቅዳሜ ተመላልሻለሁ፣ ሚስቴ «ሌላ ሰው ኳስ ያያል» ትለኛለች። እና የተማርኩትን ልጽፍላችሁ ነው። እንደኔ ከመሃል ከተማ ሳይወጣ በአመት ሶስት አራት ጊዜ ብቻ መጥረቢያ ለሚነካ ሰው ማለቴ ነው፣ ገጠር ያደገ ሰው ይሄን ቢያነብ ይስቅብኛል።

መጀመሪያ ነገር አማርኛችን ጉዳዩን ድሮ ጨርሶታል። መጥረብ አለ፣ መቁረጥ አለ፣ መፍለጥ አለ፣ ሶስቱ የተለያየ ስራ ናቸው፣ ሶስቱም የተለያየ ብረት ይፈልጋሉ። መቁረጥ የእንጨቱን ጭረት (እንጨቱ ውስጥ በቁመቱ የሚሄደውን መስመር) አቋርጦ መሄድ ስለሆነ ቀጠን ያለ ጉንጭና ስል አፍ ይፈልጋል። መፍለጥ በጭረቱ ተከትሎ መግባት ነው፣ እዛ ላይ የሚሰራው ስለቱ ሳይሆን ውፍረቱ ነው፣ አፉ ትንሽ ከገባ በኋላ ጉንጩ ነው እንጨቱን ግራና ቀኝ የሚገፋው፣ ለዚህ ነው ቀጭን መጥረቢያ ግንድ ላይ ሰክቶ አልወጣም የሚለው። መጥረብ ደግሞ ጎኑን ማስተካከል ነው፣ የቤት ወራጅ የሚጠርቡ ሰዎች ሰፊ፣ ባንድ ጎን ብቻ የተሳለ ብረት ይመርጣሉ ሌላው ጎኑ ጠፍጣፋ ሆኖ እንጨቱ ላይ ተለጥፎ እንዲሄድ። «ፈላጭ ቆራጭ» የምንለው ሁለቱንም እኔው አደርገዋለሁ የሚል ገዢ ነው አይደል፣ በሰው ሲሆን ያስመርራል፣ በብረት ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አይሰራም። እኔ የገዛሁት ቀዩ ነገር ሁሉንም ይሰራል ተብሎ ነው የተሸጠልኝ።

የከተማ ሰው በአብዛኛው የሚፈልገው መፍለጫ ነው። ለድግስ፣ ለሰርግ ድንኳን ጀርባ ለሚጣደው ጎላ ድስት፣ ለጠላ ለአረቄ የሚገዛ የባህር ዛፍ ግንድ። ለሱ ብረቱ ብቻውን 2 ኪሎ ገደማ ሆኖ ዛቢያው ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ቢሆን ጥሩ ነው። ችቦና ጭራሮ ለማዘጋጀት ግን ከ600 እስከ 800 ግራም የሆነች ትንሽ መጥረቢያ ትበቃለች፣ አያቴ ጥልቆ ይሏት ነበር። ለአጥንት ደግሞ ለብቻው ሌላ ያዙ፣ ስለቱ ወፈር ያለ ይሁን፣ ቀጭን ስለት አጥንት ላይ ይሸረፋል ከዛ ሽራፊው የት እንደገባ ስጋው ውስጥ ፈልጉ።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ችግር አለ። ውጪ ሀገር ጥሩውን መጥረቢያ «ፎርጅድ» ይሉታል፣ እኛ ሀገር ፎርጅድ ማለት የውሸት ዲግሪ ነው። ባለፈው ለጓደኛዬ «ኦርጅናል ፎርጅድ መጥረቢያ አሰራሁ» ስለው ግራ ገብቶት ዝም ብሎ አየኝ። ለማለት የፈለግኩት ቅጥቅጥ ነው፣ እሳት ገብቶ በመዶሻ የተቀጠቀጠ፣ በቅርፅ ማውጫ ከፈሰሰ ወይም ከላሜራ ተቆርጦ ከተበየደ የተለየ። ስዊድኖች በዚህ ስራ ስም አላቸው፣ ሁልትስ ብሩክ የሚባለው ፋብሪካ ከ1697 ጀምሮ ያለ ነው፣ ግራንስፎርስ ብሩክ ደግሞ ከ1902፣ ይሄኛው ቀጥቃጩ የስሙን መጀመሪያ ፊደላት ብረቱ ላይ ማህተም አድርጎ ነው የሚያወጣው (አመቶቹ እንደ ፈረንጆች)። ዋጋውን አይቼ ኮምፒውተሩን ዘጋሁ። የባለእጅ ሀገር ላይ ተቀምጬ ለምን ብዬ።

እንግዲህ ምናለሽ ተራ። ለማታውቁት፣ መርካቶ ውስጥ ሀገር የጣለው ብረት ሁሉ ሌላ ስም ይዞ የሚነሳበት ቦታ ነው፣ በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ቸርኬ ከሰል ማንደጃ ይሆናል፣ የመዶሻው ድምፅ ደግሞ ከሩቅ ነው የሚሰማው። በሰው ጥቆማ ያገኘኋቸው ባለእጅ ሽማግሌ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ስራቸውን ከአባታቸው ነው የተማሩት። ድሮ ቀጥቃጭ ተብለው ሲሰደቡ እንደነበር አንዴ ብቻ አንስተውልኝ ዝም አሉ፣ አፄ ምኒልክ ባለእጅን በሙያው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ ማስነገራቸውን ሳነሳባቸው «አዋጁን ሰምተናል፣ ስድቡም አልቀረም» አሉና ወደ እሳታቸው ዞሩ።

ቀዩን መጥረቢያዬን አሳየኋቸው። ስለቱን አላዩትም! መጀመሪያ ገልብጠው ያዩት ዛቢያ የሚገባበትን ቀዳዳ ነው። ጣታቸውን አስገብተው አሽከረከሩትና «ይሄ ቱቦ ነው ልጄ» አሉኝ። እውነትም ቀረብ ብዬ ሳየው ቁራጭ የውሃ ቱቦ ላይ ላሜራ በይደውበት፣ ብየዳውን በግራይንደር አስተካክለው ቀለም ቀብተውበታል። ቱቦ ከላይ እስከ ታች እኩል ስፋት ነው፣ ስለዚህ ዛቢያውን የሚይዘው ምንም ነገር የለም። በደንብ የተሰራ ቀዳዳ ግን ወገቡ ጠበብ ይላል፣ ከላይም ከታችም ይሰፋል፣ እንጨቱ ከታች ገብቶ ወገቡ ላይ ይጣበቅና ከላይ ሽብልቅ ሲመታበት እንደ ርግብ ጭራ ይከፈታል፣ ያኔ ወደ ላይም ወደ ታችም መሄጃ የለውም። የኔው ላይ በሽብልቅ ፋንታ ሁለት ምስማር ነበር የተመታበት፣ ምስማር እንጨት ይሰነጥቃል እንጂ አይከፍትም።

ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍንም ጠየቅኳቸው። «ለአንድ ቀን ነው» አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ብረቱ አላስፋፋ ስለሚለው ራሱን በራሱ ይጨፈልቃል፣ ሲደርቅ ከበፊቱ ያነሰ ሆኖ ይደርቃል፣ በሚቀጥለው ደግሞ ይብሳል። እኛ ሰፈር ግን ይሄ እንደ ጥበብ ነው የሚወራው፣ እኔም ለሰው ስመክር ነበር፣ ይቅርታ።

ከዛ የራሴን አዘዝኩ፣ እንዲሰሩልኝ ሳይሆን ሲሰሩ ለማየት ነበር ጉጉቴ። ሰውነቱ ለስላሳ ብረት ነው፣ አግለው ሰውነቱን በድፍን ብረት ዙሪያ አጥፈው ቀዳዳው እዛው ታጥፎ ወጣ፣ በሁለቱ እጥፋት መሃል ደግሞ የባሌስትራ (የመኪና ስፕሪንግ) ምላስ አስገቡ። ባሌስትራው ከሶማሌ ተራ፣ ከመኪና መለዋወጫው ሰፈር፣ የመጣ የአሮጌ አይሱዙ ነው፣ ማለትም ከቅጥቅጥ መኪና ቅጥቅጥ መጥረቢያ። ለምን ባሌስትራ ስትሉ፣ የስፕሪንግ ብረት 0.6 በመቶ አካባቢ ካርቦን ስላለው ሲነከር ይጠነክራል፣ ለስላሳ ብረት ግን ብትነክሩት ባትነክሩት ብዙም አይለወጥም። ቦራክስ (ብረቶቹ እንዲጣበቁ የሚረዳ ዱቄት) ነስንሰውበት ብረቱ ነጭ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው፣ ብልጭታ መርጨት ሲጀምር አውጥተው መስፋቸው ላይ (ብረት የሚቀጠቅጡበት የባቡር ሃዲድ ቁራጭ ነው) በፍጥነት ቀጠቀጡት፣ ሶስቱ ብረት አንድ ሆነ። ወናፉ ድሮ የቆዳ ነበር አሉኝ፣ አሁን በኤሌክትሪክ የሚነፋ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ግን ቆዳው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

በጣም የወደድኩት መንከሩን ነው። ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት በሽቦ አንጠልጥለዋል፣ ብረቱ እየጋለ ሲሄድ ያስጠጉታል፣ ማግኔቱ መሳብ ሲያቆም «አሁን ደረሰ» ይላሉ። ይሄ 770 ዲግሪ አካባቢ የሚሆን ነገር ነው፣ ጋሼ ቁጥሩን አያውቁትም፣ አያስፈልጋቸውምም። ከዛ ትንሽ አሳልፈው ያግሉትና አፉን ብቻ፣ ሁለት ጣት ያህል፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ ነከሩት። እንደዛው ቢተው እንደ ብርጭቆ ነው፣ ይሸረፋል። ስለዚህ አፉን በጡብ ስባሪ ፈትገው አነጡትና ከጀርባው የቀረው ሙቀት ቀስ እያለ ወደ ስለቱ ሲመጣ ቀለሙን ጠበቁ። መጀመሪያ ገና የተጣለ ብርዝ ይመስላል፣ ከዛ የደረሰ ጠጅ፣ ከዛ ቡኒ፣ ከዛ ወይን ጠጅ። ቡኒው ወደ ወይን ጠጅ ሊዞር ሲል ውሃ ውስጥ ዱብ። ሰማያዊ እስኪሆን ከጠበቃችሁ ለመጥረቢያ ለስልሷል ማለት ነው። ቤታችሁ ግራይንደር ላይ ስትስሉ ስለቱ ሰማያዊ ከሆነባችሁም ያው ነው፣ ያ ሁሉ ልፋት በሶስት ሰከንድ ጠፋ። በሞረድ ሳሉ፣ ግራይንደር ግድ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ውሃ እያስነካችሁ።

ሱቅ ሄዳችሁ የተሰራ ለምትገዙ ደግሞ ሞረድ ይዛችሁ ሂዱ። ባለሱቁ ፊቱን ያጠቁራል፣ ይጥቆር። ስለቱ ላይ ቀስ ብላችሁ ስታስኬዱት እንደ ሳሙና ከገባ ለስላሳ ነው፣ ጭራሽ ከተንሸራተተ ከመጠን በላይ ጠንክሯል፣ ትንሽ እየያዘ እየለቀቀ ከሄደ ግዙት። በገመድ አንጠልጥላችሁ በቁልፍ ነካ አድርጉት፣ የጠራ ድምፅ ካልሰጠ የሆነ ቦታ ስንጥቅ አለ። ዛቢያ ካለው ደግሞ ስለቱን ወደ ላይ አዙራችሁ ባንድ አይን እዩት፣ ስለቱና ዛቢያው አንድ መስመር ላይ ካልሆኑ እድሜ ልካችሁን ጠማማ ነው የምትመቱት። ቀለሙን እርሱት። ቀለም የሚቀባው ብየዳ ለመደበቅ ነው ብዬ እስከመጠርጠር ደርሻለሁ።

አሁን ቶማሃውክ። እዚህ ከተማ ቶማሃውክ ስትሉ ግማሹ ሰው ሚሳኤል ይመስለዋል፣ ግማሹ ሆቴል ውስጥ ረጅም ጎድን ያለበትን ስቴክ። የመጀመሪያው ግን የሰሜን አሜሪካ ነባር ህዝቦች ትንሽ መጥረቢያ ነው፣ ቃሉ ከቨርጂኒያዎቹ ፖውሃታኖች ቋንቋ የመጣ፣ በፊት የድንጋይ ነበር ከዛ አውሮፓውያን የብረቱን እየሰሩ ነገዱበት። ቪዲዮ ላይ ሰዎች ሲወረውሩት አይቼ አንድ ይሰሩልኛል ብዬ ስልኬን ለጋሼ አሳየኋቸው። ረጅም ሰዓት አዩት፣ ዛቢያው ከላይ በኩል ሲገባ ሲያዩ ሳቁ። «ይሄማ ዶማ ነው!»

እውነትም ዶማ ነው። የተለመደው መጥረቢያ ዛቢያ ከታች ገብቶ ከላይ በሽብልቅ ይያዛል፣ የቶማሃውክ ግን ልክ እንደ ዶማ ቀጭኑ ጫፍ ከላይ ገብቶ ወደ ታች ይወርዳል፣ የላይኛው ጫፍ ወፍራም ስለሆነ ብረቱ ማለፍ አይችልም፣ በወዘወዛችሁት ቁጥር እንዲያውም ይጠብቃል። ሽብልቅ የለ፣ ምስማር የለ። ዛቢያው ሲሰበር በአስር ደቂቃ አዲስ ማስገባት ነው፣ ለሚወረውሩት ሰዎች የተመቸውም ለዚህ ነው ምክንያቱም ዛቢያ ቶሎ ቶሎ ይሰብራሉ። አሰራሁት፣ 500 ግራም ነው፣ ዛቢያው 45 ሳንቲ። ከ3.6 ሜትር ገደማ አንድ ሙሉ ዙር ዞሮ ይሰካል ይላሉ፣ ዘዴው በጉልበት ሳይሆን የእጅ አንጓን ሳያጥፉ መልቀቅ ነው። አንድ እሁድ ጠዋት ጓሮ ግንድ አቁሜ ሞከርኩ፣ ከሃያው አራቱ ተሰካ፣ ከዛ እማማ ነጠላቸውን ደርበው ወጡና ምንም ሳይናገሩ ቆመው አዩኝ። መወርወር አቆምኩ። ግን ችቦ ለመሰንጠቅ ከሱ የሚመቸኝ መሳሪያ የለኝም።

ስሸከመው የደረሰብኝንም ልንገራችሁ። መጥረቢያውን ከምናለሽ ተራ በፌስታል ይዤ በቀጥታ ወደ ስራ ሄድኩ፣ ፍተሻ እንዳለ ረስቼው! ጥበቃው ፌስታሉን ከፍቶ አየና «ይሄ ምንድነው?» አለኝ፣ መጥረቢያ ነው አልኩት፣ «መጥረቢያ መሆኑንማ አያለሁ» አለኝ። አስቀምጬ ገባሁ። ማታ ስወጣ ሶስት ጥበቃዎች ተሰብስበው ስለቱን በጥፍራቸው እየሞከሩ የት እንዳሰራሁት ጠየቁኝ፣ አንደኛው ቀዳዳውን ገልብጦ አየና «ባለእጅ የሰራው ነው» አለ። የገጠር ልጅ ነው፣ ያስታውቃል።

ዛቢያ ላይ ብዙ ሰው አይጨነቅም፣ እኔ ግን ከብረቱ እኩል ነው የምጨነቀው። ወይራ ከተገኘ ወይራ፣ ካልሆነ ክትክታ፣ ሁለቱም ጠንካራ ሆነው ሲመቱ እጅ አይጎዱም። ጥድ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ዋንዛ ለጠረጴዛ ነው። ዋናው መድረቁ ነው፣ እርጥቡ ዛሬ ጠብቆ የገባ የዛሬ ወር ተንቀጫቅጮ ይወጣል። የእንጨቱ ጭረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ዛቢያውን ተከትሎ ይሂድ፣ መሃል ላይ ወደ ጎን ከወጣ እዛው ጋ ነው የሚሰበረው። ብረቱን ስታስገቡ ደግሞ መሬት ላይ አትቀጥቅጡት፣ ዛቢያውን ብረቱ ወደ ታች እንዲሆን አንጠልጥላችሁ የዛቢያውን ቂጥ በእንጨት መዶሻ ምቱት፣ ብረቱ ከባድ ስለሆነ ቦታው ላይ መቆየት ይፈልጋል፣ ዛቢያው ነው በሱ ውስጥ የሚወርደው። ጋሼ ሲያሳዩኝ አስማት መስሎኝ ነበር።

ቫርኒሽ ካለው ፋቁት፣ እጅ ያቆስላል። የተልባ ዘይት ቀቡት፣ ለተልባ እኛ ሀገር ማን ብሎን፣ ስስ አድርጋችሁ ቀብታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ደግማችሁ። የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉት፣ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ራሱ ይሞቃል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጪ አድርቁት።

አጠቃቀሙን ባጭሩ፣ ምክንያቱም መፍለጥ በፅሁፍ አይማሩትም። ግንዱን ሌላ ሰፊ ጉማጅ ላይ አቁሙት፣ ጉጥ ካለበት ጎን ሽሹ፣ ወፍራሙን ከመሃል ሳይሆን ከዳር ጀምሩ። ባህር ዛፍ እርጥቡ ከደረቁ ይቀላል፣ ስለዚህ እንጨቱ እንደመጣ ፍለጡት፣ ለድግሱ ዋዜማ አታቆዩት። እግር ከፈት፣ ብረቱ ሲወርድ ጉልበታችሁን አብራችሁ ሸብረክ አድርጉ፣ ያኔ ብትስቱት መሬት ነው የሚመታው። ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ ከሳታችሁት ግን ብረቱ ዞሮ ቅልጥማችሁ ላይ ነው። ትንሿ መጥረቢያ ደግሞ አጭር ስለሆነች ከትልቋ ይልቅ እሷ ናት እግር የምታገኘው፣ በርከክ ብላችሁ ስሩ። ከኋላችሁም ሰው አይኑር፣ ይሄን ማን ይንገራችሁ።

ለመስቀል ደመራ እንጨት ስናዘጋጅ አዲሱን መጥረቢያ ይዤ ወጣሁ። እማማ መጀመሪያ ልጆቹን ሁሉ ወደ ቤት አስገቡ። ከዛ ቀረብ ብለው ዛቢያውን ያዝ አድርገው ነቅነቅ አደረጉት፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አልተነቃነቀም። «ማነው የሰራው?» አሉኝ። ቀዩ መጥረቢያ አሁንም አለ፣ ያለ ዛቢያው፣ ንፋስ እንዳይዘጋው የግቢውን በር ይዞልናል፣ ለሱ አሪፍ ነው።